ቁስልንና ካንሰርን በብርሃን የማከም ተስፋ፦ ጥቃቅኖቹ የካርቦን ቁሶች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?

ሐሙስ ጥር 23/2016 ዓ.ም. ከምሽቱ 5 ሰዓት ተኩል ገደማ፣ በኬንያ መዲና ናይሮቢ ኢምባካሲ ውስጥ ምራዲ በሚባለው ሰፈር ጋዝ የጫነ ተሽከርካሪ ፈነዳ። እሳቱ ወደ መኖሪያ ቤቶች ተዛመተ፤ በአቅራቢያው የነበረ የጨርቃ ጨርቅ መጋዘንንና ተሽከርካሪዎችንም አወደመ። የሰው ሕይወት ጠፋ፤ ከ270 በላይ ሰዎች ቆሰሉ። የቆሰሉት ኬንያታ ብሔራዊ ሆስፒታልን ጨምሮ ወደ ተለያዩ የከተማዋ የጤና ተቋማት ተወሰዱ።

እሳቱ በማግሥቱ በቁጥጥር ሥር ዋለ። ከባድ ቃጠሎ ለደረሰበት ሰው ግን ትግሉ የሚጀምረው እሳቱ ከጠፋ በኋላ ነው። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ያለፈ ቁስለኛ ከዚያ በኋላ የሚጠብቀው ትልቁ አደጋ የቁስሉ በተህዋሲያን መመረዝ ነው።

ይህን አደጋ ለመቀነስ ተመራማሪዎች ከሚፈትሿቸው መንገዶች አንዱ ብርሃን ነው። ብርሃን ሲያርፍባቸው የሚነቁ መድኃኒቶችን ቁስል ላይ በማኖር ተህዋሲያንን መግደል፣ በተመሳሳይ ዘዴም የካንሰር ዕጢን ማጥቃት ይቻላል። ባለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ደግሞ በዓይን የማይታዩ ጥቃቅን የካርቦን ቁሶች በዚህ ሕክምና ውስጥ ሰፊ ቦታ እየያዙ መጥተዋል።

ለመሆኑ ይህ ሕክምና እንዴት ይሠራል? ካርቦንስ ለምን ተመረጠ? ከቤተ ሙከራ ወጥቶ እንደ ኢምባካሲ ያለ አካባቢ ነዋሪዎችን ለመጥቀምስ ምን ይቀረዋል?

የተቃጠለ ቁስል ለምን ያስቸግራል?

ቆዳ ሰውነትን ከውጭ ወራሪ የሚከላከል አጥር ነው። እሳት ይህን አጥር ሲያፈርሰው እርጥብና ሞቃት የሆነው ቁስል ለባክቴሪያዎች ምቹ መራቢያ ይሆናል።

ሌላም ችግር አለ። በአፍ የሚዋጥም ሆነ በደም ሥር የሚሰጥ ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ቁስሉ ጋር የሚደርሰው በደም አማካይነት ነው። በተቃጠለው የሞተ ሥጋ ውስጥ ያሉት ጥቃቅን የደም ሥሮች ግን አብረው ስለሚጎዱ መድኃኒቱ በሚፈለገው መጠን ወደዚያ አይደርስም። ባክቴሪያዎቹም ተሰባስበው እንደ ዝልግልግ ሽፋን ያለ መጠለያ ይሠሩና ራሳቸውን ይከላከላሉ።

በዚህ ላይ መድኃኒቶችን የተላመዱ ተህዋሲያን ቁጥር እያደገ ነው። ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት እአአ በ2022 የታተመ ዓለም አቀፍ ጥናት፣ መድኃኒት የተላመዱ ባክቴሪያዎች በ2019 ብቻ ለ1.27 ሚሊዮን ሰዎች ሞት ቀጥተኛ ምክንያት እንደነበሩ ገምቷል። ከሕዝብ ቁጥር አንፃር ሲታይ ከፍተኛው የሞት መጠን የተመዘገበው ከሰሃራ በታች ባለው የምዕራብ አፍሪካ ክፍል ነው።

ሐኪም በእጁ ያለው መድኃኒት አልሠራ ሲለው የሚቀጥለው መድኃኒት ብዙ ጊዜ ውድ ነው፤ አለዚያም በአገር ውስጥ አይገኝም። ተህዋሲያን በቀላሉ የማይላመዱት ሌላ የማጥቂያ መንገድ የሚፈለገው ለዚህ ነው።

ከመቶ ዓመት በላይ ያስቆጠረ ሐሳብ

በብርሃን ማከም አዲስ ሐሳብ አይደለም። በፋሮ ደሴቶች የተወለደው ሐኪም ኒልስ ፊንሰን በዴንማርክ የቆዳ ቲቢ ሕሙማንን በብርሃን በማከም እአአ በ1903 የኖቤል ሽልማት አግኝቷል።

ብርሃንንና መድኃኒትን የማጣመሩ ሐሳብ የተወለደው ግን በጀርመኗ ሙኒክ ከተማ ነው። በፕሮፌሰር ኸርማን ፎን ታፓይነር ቤተ ሙከራ ይሠራ የነበረው ተማሪ ኦስካር ራብ፣ አክሪዲን የተባለ ቀለም ፓራሚሲየም በተሰኙ ባለ አንድ ሕዋስ ፍጥረታት ላይ የሚያደርሰውን ጉዳት ያጠና ነበር። የቀለሙ መጠን ሳይለወጥ አንድ ጊዜ ፍጥረታቱ በፍጥነት ሲሞቱ፣ ሌላ ጊዜ ደግሞ ለረዥም ሰዓት ሲቆዩ ተመለከተ።

የልዩነቱ ምክንያት ቀለሙ አልነበረም። ክፍሉ ውስጥ የነበረው የብርሃን መጠን ነበር። ቀለሙ ብቻውን ብዙ ጉዳት አያደርስም፤ ብርሃኑም ብቻውን እንዲሁ። ሁለቱ ሲገናኙ ግን ይገድላሉ። ውጤቱ እአአ በ1900 ታተመ። ጥቂት ዓመታት ሳይቆይም ታፓይነርና ባልደረቦቹ ኢዮሲን የተባለ ቀለም የቆዳ ዕጢ ላይ ቀብተው ብርሃን በማሳረፍ ሕሙማንን ለማከም ሞከሩ።

ዘዴው የሚቆመው በሦስት ነገሮች ነው፦ ብርሃን የሚቀበል መድኃኒት፣ ለመድኃኒቱ የሚስማማ ብርሃን እና በአካባቢው ያለ ኦክስጅን። መድኃኒቱ ብርሃኑን ይቀበልና ኃይሉን በዙሪያው ላለው ኦክስጅን ያስተላልፋል። በዚህ ጊዜ ኦክስጅኑ ያገኘውን ሁሉ ወደሚጎዳ ቁጡ ዓይነት ይለወጣል።

ይህ ቁጡ ኦክስጅን ዕድሜው እጅግ አጭር ነው። ሕዋስ ውስጥ ጠፍቶ እስኪያልቅ የሚጓዘው ርቀት ከአንድ ሚሊ ሜትር አንድ ሺኛ ያነሰ ነው። ስለዚህ ጉዳቱ መድኃኒቱና ብርሃኑ በተገናኙበት ቦታ ላይ ይወሰናል፤ መብራቱ ሲጠፋም ሂደቱ ይቆማል።

ለተህዋሲያን ደግሞ ይህ አጠቃቀስ ከባድ ነው። የተለመደው ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት አብዛኛውን ጊዜ በባክቴሪያው ውስጥ ያለ አንድ የታወቀ ዒላማ ይመታል፤ ባክቴሪያውም ያንን ዒላማ በመለወጥ ሊያመልጥ ይችላል። ቁጡ ኦክስጅን ግን ሽፋኑን፣ ፕሮቲኑንና የዘር ቅንጣቱን በአንድ ጊዜ ስለሚመታ ተህዋሲያን ሊላመዱት ይከብዳቸዋል ተብሎ ይታመናል።

የተፈቀደ ሕክምና፣ ያልተፈታ ችግር

ፎቶፍሪን የተባለው በብርሃን የሚነቃ መድኃኒት እአአ በ1993 በካናዳ ለፊኛ ካንሰር ሕክምና ተፈቀደ። በ1995 ደግሞ አሜሪካ ለምግብ ማውረጃ ቧንቧ ካንሰር እንዲውል ፈቀደች። ዓላማው ዕጢ ቧንቧውን ዘግቶባቸው መዋጥ ለተሳናቸው ሕሙማን መተላለፊያውን መክፈት ነበር።

ይህ ለምሥራቅ አፍሪካ ሩቅ ጉዳይ አይደለም። የምግብ ማውረጃ ቧንቧ ካንሰር ከኢትዮጵያ ተነሥቶ በኬንያ በኩል እስከ ማላዊና ከዚያም በታች በሚዘረጋው የአህጉሪቱ ምሥራቃዊ ክፍል በብዛት ይታያል። በኢትዮጵያ አርሲና ባሌ፣ በኬንያ ደግሞ በምዕራብ የሚገኘው የቦሜት አካባቢ በዚህ ይታወቃሉ። ብዙዎቹ ሕሙማን ሆስፒታል የሚደርሱት እህል መዋጥ ሲያቅታቸው ነው።

ይሁን እንጂ ፎቶፍሪን ቀላል መፍትሔ አልሆነም። መድኃኒቱ በደም ሥር ተሰጥቶ በመላ ሰውነት ይሰራጫል። ቆዳ ውስጥም ስለሚቀር ታካሚው ቢያንስ ለ30 ቀናት ከፀሐይና ከደማቅ ብርሃን መሸሸግ ይኖርበታል። በእርሻው ወይም በገበያ ቦታው ውሎ ለሚያድር ሰው አንድ ወር ከፀሐይ መራቅ ቤተሰቡን ማስራብ ማለት ሊሆን ይችላል።

ሁለተኛው ችግር የብርሃን አቅም ነው። በጨለማ የእጅ ባትሪን ከጣት ኋላ ያበራ ሰው ጣቱ ቀይ ሆኖ ሲያበራ ያያል። ይህ የሚሆነው ሌሎቹ ቀለማት በሥጋና በደም ሲዋጡ ቀዩ ብርሃን ስለሚያልፍ ነው። ቀይ ብርሃንም ቢሆን ግን ከአንድ ሴንቲ ሜትር ብዙ ርቆ በቂ ኃይል ይዞ አይዘልቅም። በሰውነት ውስጥ የተሻለ የሚዘልቀው ከቀይ ቀጥሎ ያለው፣ ዓይን የማያየው ኢንፍራሬድ ጨረር ነው። አብዛኞቹ የቀድሞ መድኃኒቶች ግን በዚህ ጨረር አይነቁም።

ሦስተኛው ችግር ደግሞ የመድኃኒቶቹ ጠባይ ነው። ብዙዎቹ በውሃ በቀላሉ አይሟሙም፤ ደም ውስጥ ሲገቡም እርስ በርሳቸው ተጣብቀው ኃይላቸውን ያጣሉ። በአጭሩ፣ ጥሩ መድኃኒት ቢኖርም ጥሩ ተሸካሚ ያስፈልገዋል።

ካርቦን ለምን ተመረጠ?

ካርቦን የከሰልም፣ የእርሳስም፣ የአልማዝም ንጥረ ነገር ነው። ልዩነታቸው አተሞቹ የተደረደሩበት መንገድ ነው። ይህ ድርድር በናኖ ሜትር ደረጃ ሲሆን፣ ማለትም አንድ ሚሊ ሜትር ለሚሊዮን ተከፍሎ በሚገኘው ልክ ሲሠራ፣ ካርቦን በተለመደው መልኩ የሌሉትን ጠባዮች ያሳያል። ለማነጻጸር ያህል፣ የአንድ የሰው ፀጉር ውፍረት በአስር ሺዎች የሚቆጠር ናኖ ሜትር ነው።

በዚህ ምርምር ውስጥ በተለይ አራት ዓይነት የካርቦን ቁሶች ይነሣሉ።

የመጀመሪያው ፉለሪን ነው። 60 የካርቦን አተሞች እንደ እግር ኳስ ተገጣጥመው የሚሠሩት ይህ ሞለኪውል እአአ በ1985 የተገኘ ሲሆን፣ ግኝቱ ለሃሮልድ ክሮቶ፣ ለሮበርት ከርልና ለሪቻርድ ስሞሊ በ1996 የኖቤል ሽልማት አስገኝቷል። ፉለሪን ብርሃን ሲያርፍበት ቁጡ ኦክስጅንን በብዛት ያመነጫል። ስለዚህ ተሸካሚ ብቻ ሳይሆን ራሱም መድኃኒት መሆን ይችላል። ችግሩ በውሃ አለመሟሟቱ ነው፤ ለዚህም ውሃ የሚወድዱ ኬሚካላዊ ቅጥያዎች ይቀጠሉለታል።

ሁለተኛው ጃፓናዊው ሱሚዮ ኢጂማ እአአ በ1991 ያስተዋወቁት የካርቦን ናኖ ቱቦ ነው። እንደ ሰሌን የተጠቀለለ የካርቦን ንጣፍ ሲሆን ኢንፍራሬድ ጨረርን በሚገባ ተቀብሎ ወደ ሙቀት ይለውጣል።

ሦስተኛው ግራፊን፣ የአንድ አተም ውፍረት ብቻ ያለው ንጣፍ ነው። አንድሬ ጋይምና ኮንስታንቲን ኖቮሴሎቭ እአአ በ2004 ከእርሳስ ማዕድን ለይተው አውጥተውት በ2010 ኖቤል ተሸልመውበታል። ንጣፉ በሁለቱም ገጾቹ መድኃኒት መሸከም ስለሚችል፣ ከስፋቱ ጋር ሲነጻጸር የሚይዘው ጭነት ከፍተኛ ነው።

አራተኛው የካርቦን ነጥብ የሚባለው፣ ብዙውን ጊዜ ከአስር ናኖ ሜትር የማይበልጥ ቅንጣት ነው። ከቀላልና ርካሽ ጥሬ ዕቃ መሥራት ይቻላል። ብርሃን ሲያርፍበትም ራሱ ያበራል፤ ይህም መድኃኒቱ የት እንደደረሰ ለመከታተል ይረዳል።

ኦክስጅን የማይጠይቀው ስልት

የካርቦን ቁሶች ሌላም መንገድ ከፍተዋል። ይኸውም በሙቀት መግደል ነው። ናኖ ቱቦ ወይም ግራፊን ዕጢው ውስጥ ከገባ በኋላ ኢንፍራሬድ ሌዘር ሲያርፍበት ቅንጣቱ ይግላል፤ በዙሪያው ያሉት የካንሰር ሕዋሳትም በሙቀቱ ይሞታሉ።

ይህ ስልት ኦክስጅን አያስፈልገውም። ብዙ ዕጢዎች በፍጥነት ስለሚያድጉ መሀላቸው የደምና የኦክስጅን እጥረት አለበት፤ በኦክስጅን የሚሠራው ሕክምና የሚደክመውም እዚያ ነው። በአንድ ቅንጣት ላይ ሙቀትንና ቁጡ ኦክስጅንን ማጣመር የብዙ ተመራማሪዎች ፍላጎት የሆነው ለዚህ ነው።

እአአ በ2005 የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በካርቦን ናኖ ቱቦና በኢንፍራሬድ ጨረር የካንሰር ሕዋሳትን በቤተ ሙከራ ገደሉ። በ2010 ደግሞ በቻይና የሱዡ ዩኒቨርሲቲ ቡድን ግራፊን ተሰጥቷቸው በሌዘር የታከሙ አይጦች ዕጢ መጥፋቱን ዘገበ።

ከእነዚህ ውጤቶች ወደ ሰው ያለው ርቀት ግን ረዥም ነው። የመዳፍ ያህል በምታንስ አይጥ ላይ ያለ ዕጢ ከቆዳ ሥር ስለሚገኝ ብርሃን በቀላሉ ይደርሰዋል። የሰው ጉበት ወይም ጣፊያ ውስጥ ያለ ዕጢ ግን እንዲያ አይደለም፤ ብርሃኑን በቀጭን የመስታወት ክር ወደ ውስጥ ማስገባት ይጠይቃል።

ቅንጣቶቹም ቢሆኑ ወደተላኩበት አይደርሱም። እአአ በ2016 የታተመ የአስር ዓመት ጥናቶች ቅኝት፣ በደም ሥር ከሚሰጡ ናኖ ቅንጣቶች ውስጥ ዕጢው ጋር የሚደርሱት በመካከለኛ ውጤት 0.7 በመቶ ብቻ እንደሆኑ አሳይቷል። የቀረው በአብዛኛው ጉበትና ጣፊያን በመሳሰሉ አካላት ይያዛል።

በቁስል ላይ ያለው ማስረጃ

ቁስል ከዕጢ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። ቁስል ከላይ ነው፤ ብርሃን ያገኘዋል። መድኃኒቱም በደም ውስጥ መጓዝ አያስፈልገውም፤ በቀጥታ ይቀባል ወይም በፋሻ ላይ ይደረጋል። ስለዚህ በካንሰር ሕክምና ላይ ከሚነሡት ትልልቅ እንቅፋቶች ሁለቱ በቁስል ላይ ይቃለላሉ።

በአሜሪካ ማሳቹሴትስ ጠቅላላ ሆስፒታል ይሠራ የነበረው የማይክል ሃምብሊን ቡድን እአአ በ2010 ያሳተመው ሙከራ በዚህ ረገድ ብዙ ይጠቀሳል። ተመራማሪዎቹ የአይጦችን ቁስል ገዳይ በሆኑ ባክቴሪያዎች በከሉና፣ አዎንታዊ ኤሌክትሪክ ሙል የተቀጠለለት ፉለሪን ቀብተው ብርሃን አሳረፉበት።

ፕሮቲየስ ሚራቢሊስ በተባለው ባክቴሪያ ከተበከሉት አይጦች ሕክምናውን ካገኙት 82 በመቶ ሲተርፉ፣ ካላገኙት የተረፉት 8 በመቶ ብቻ ነበሩ።

ሱዶሞናስ ኤሩጂኖሳ የተባለው፣ በተቃጠለ ቁስል ላይ እጅግ የሚፈራው ባክቴሪያ ግን ለብርሃኑ ብቻ አልተበገረም፤ አይጦቹ አልተረፉም። ሕክምናው ቶብራማይሲን ከተባለው ፀረ ባክቴሪያ አነስተኛ መጠን ጋር ሲጣመር ግን 60 በመቶው ተረፉ። በዚያው መጠን ቶብራማይሲን ብቻ ካገኙት የተረፉት 20 በመቶ ነበሩ።

ከዚህ ሁለት ነገር መረዳት ይቻላል። አንደኛ፣ ብርሃን የፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት ምትክ ሳይሆን አጋዥ ሊሆን ይችላል። መብራቱ ሲጠፋ መግደሉም ስለሚቆም፣ የተረፉት ባክቴሪያዎች መልሰው ይራባሉ፤ እነሱን የሚጨርስ ሌላ መድኃኒት ያስፈልጋል። ሁለተኛ፣ የቅንጣቱ ኤሌክትሪክ ሙል ወሳኝ ነው። እንደ ሱዶሞናስ ያሉ ባክቴሪያዎች ተጨማሪ የውጭ ሽፋን አላቸው፤ ይህም አሉታዊ ሙል ስላለው አዎንታዊ ሙል ያለውን ቅንጣት ይስባል።

ተህዋሲያንን በብርሃን መግደል በሰው ላይም ተሞክሯል፤ በካርቦን ቁስ ሳይሆን በቆዩ ቀለሞች። በካናዳ ቫንኩቨር የሚገኝ ሆስፒታል ቀዶ ሕክምና ለሚጠብቁ ሰዎች አፍንጫቸው ውስጥ ሜቲሊን ብሉ የተባለውን ርካሽ ቀለም ቀብቶ በቀይ ብርሃን ተህዋሲያንን ሲያጸዳ፣ ከቀዶ ሕክምና በኋላ የሚከሰት የቁስል ብክለት መቀነሱን እአአ በ2014 የታተመ ጥናት አሳይቷል።

በኢትዮጵያ ደጋማ አካባቢዎች ፊትን እያቆሰለ ጠባሳ የሚተወው ቁንጭርም በቆዳ ላይ የሚታይ በመሆኑ ለዚህ ዓይነት ሕክምና ከሚታሰቡ በሽታዎች ይመደባል። በሌሎች አገሮች በሽታውን በብርሃን በሚነቃ ቅባት ለማከም የተደረጉ ሙከራዎች አሉ። በኢትዮጵያ ያለውን ቁንጭር በብዛት የሚያመጣው ጥገኛ ተህዋስ ግን የተለየ ዝርያ ስለሆነ፣ የሌላ አገር ውጤት እንዳለ ተወስዶ አይተገበርም።

የደኅንነት ጥያቄ

በካርቦን ናኖ ቁስ ላይ የተመሠረተ በብርሃን የሚሠራ የካንሰርም ሆነ የቁስል መድኃኒት እስካሁን በመደበኛ ሕክምና ውስጥ አልገባም። ዋነኛው ምክንያት ደኅንነት ነው።

እአአ በ2008 በኤድንብራ ተመራማሪዎች የተመራ ጥናት፣ ረዣዥምና ጠንካራ የካርቦን ናኖ ቱቦዎች በአይጥ የሆድ ሽፋን ላይ እንደ አስቤስቶስ ያለ ቁጣ እንደሚያስነሡ አሳየ። የዓለም ጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ተቋምም በ2014 አንድን የናኖ ቱቦ ዓይነት በሰው ላይ ካንሰር ሊያመጡ ይችላሉ ከሚባሉት ጎራ መድቦታል።

ይህ ማለት የካርቦን ቁስ ሁሉ መርዝ ነው ማለት አይደለም። አጭሩና ረዥሙ፣ ውሃ የሚወድደውና የማይወድደው፣ ኳሱና ቱቦው በሰውነት ውስጥ የሚያሳዩት ጠባይ የተለያየ ነው። ጥቃቅኖቹ የካርቦን ነጥቦች በኩላሊት ተጣርተው በሽንት ሊወጡ ይችላሉ፤ ትልልቆቹ ግን ለወራት በጉበትና በሳንባ ሊቆዩ ይችላሉ። ካርቦን በሰውነት ውስጥ በቀላሉ ስለማይፈርስም የመጨረሻ ዕጣው ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ለእያንዳንዱ ዓይነት በተናጠል መመለስ አለበት።

ሌላው ጉዳይ አንዱ ምርት ከሌላው እኩል መሆኑ ነው። ዛሬ የተሠራው ግራፊን ባለፈው ወር ከተሠራው በስፋትና በንጽሕና ቢለይ ሐኪም ትክክለኛውን መጠን ማዘዝ አይችልም። የኬንያም ሆነ የኢትዮጵያ የመድኃኒት ተቆጣጣሪዎች ፈቃድ ከመስጠታቸው በፊት የሚጠይቁት ይህንኑ ነው።

መንገዱ ዝግ እንዳልሆነ የሚያሳዩ ምሳሌዎችም አሉ። ጃፓን እአአ በ2020 ለራስና ለአንገት ካንሰር የሚውል፣ ፀረ እንግዳ አካልን ከብርሃን ተቀባይ ቀለም ጋር ያጣመረ መድኃኒት በሁኔታዎች ላይ ተመሥርታ ፈቅዳለች። በአሜሪካም ከወርቅ የተሠሩ ናኖ ቅንጣቶች በሌዘር እየጋሉ የፕሮስቴት ካንሰርን የሚያጠቁበት ሕክምና በሰዎች ላይ ተሞክሯል። ካርቦንም ማለፍ ያለበት ፈተና ይኸው ነው።

አፍሪካውያን ተመራማሪዎች

በዚህ መስክ አፍሪካ ተመልካች ብቻ አይደለችም። በሌሶቶ ተወልደው በልጅነታቸው ትምህርትን ከበግ ጥበቃ ጋር እያፈራረቁ ያደጉት ፕሮፌሰር ተቤሎ ንዮኮንግ፣ በደቡብ አፍሪካ ሮድስ ዩኒቨርሲቲ ፋታሎሳያኒን የተባሉ ሰማያዊ ቀለሞችን በብርሃን የሚነቃ የካንሰር መድኃኒት ለማድረግ ለረዥም ዓመታት ሠርተዋል። ቀለሞቹን ከግራፊን ቅንጣቶች ጋር ማጣመርም የሥራቸው አካል ነበር። እአአ በ2009 ለሴት ሳይንቲስቶች የሚሰጠውን የሎሪያልና የዩኔስኮ ሽልማት አግኝተዋል።

በጆሃንስበርግ ዩኒቨርሲቲም በፕሮፌሰር ሃይዲ አብራሃምሴ የሚመራው የሌዘር ምርምር ማዕከል ይህንኑ ሕክምና ያጠናል።

ጥናቱ በአህጉሪቱ መካሄዱ ከክብር ያለፈ ጥቅም አለው። ለቆዳ ጥቁረት የሚሰጠው ሜላኒን ራሱ ብርሃን ይውጣል። በነጣ ቆዳ ላይ በቂ የሆነ የብርሃን መጠን በጠቆረ ቆዳ ላይ ሊያንስ ይችላል፤ መጠኑ ሲጨመር ደግሞ ቆዳው ሊግል ይችላል። ትክክለኛው ልክ የሚታወቀው በሕክምናው በሚጠቀሙት ሰዎች ላይ ሲጠና ነው።

ለኢምባካሲ ምን ማለት ነው?

ኢምባካሲ የጆሞ ኬንያታ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ መገኛ ናት። አቅም ያላቸው የካንሰር ሕሙማን ለሕክምና ወደ ሕንድና ወደ ሌሎች አገሮች የሚበሩት ከዚያ ነው። በጋዝ ፍንዳታው የተጎዱት የምራዲ ነዋሪዎች ግን የታከሙት በከተማቸው ሆስፒታሎች ነው። አዲስ ሕክምና ለእነሱ የሚጠቅመው በከተማው ሆስፒታል የቃጠሎ ክፍል ሊሰጥ የሚችል ሲሆን ብቻ ነው።

ከዚህ አንፃር በብርሃን የሚሠራ የቁስል ሕክምና ከዕጢ ሕክምናው ይልቅ ለመድረስ የሚቀርብ ይመስላል። ለቁስል የሚያስፈልገው የብርሃን ምንጭ ውድ ሌዘር መሆን የለበትም፤ ኃይል ቆጣቢ አምፖል የሚሠራበት የኤልኢዲ መብራት ሊበቃ ይችላል። የሚቀረው መድኃኒቱ ነው፤ በሰው ቁስል ላይ ደኅንነቱ የተረጋገጠ፣ በአንድ ልክ የሚመረት፣ የሕዝብ ሆስፒታል ሊገዛው የሚችል።

እስከዚያው ድረስ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። የምርምሩ ቁሶች ከካርቦን መሠራታቸው ከሰል ወይም አመድ ቁስል ላይ ማድረግ ይጠቅማል ማለት አይደለም፤ እንዲያውም ቁስሉን ይበክላል። ቃጠሎን ፀሐይ ላይ ማስጣትም ሕክምና አይደለም። በቃጠሎ ጊዜ የተጎዳውን ቦታ በሚፈስ ቀዝቃዛ ንጹሕ ውሃ ለ20 ደቂቃ ያህል ማቀዝቀዝ፣ ቅቤም ሆነ የጥርስ ሳሙና አለመቀባት፣ በንጹሕ ጨርቅ ሸፍኖ በፍጥነት ወደ ሕክምና መሄድ ዛሬም የመጀመሪያው እርዳታ ነው።

ኦስካር ራብ ብርሃንና ቀለም ተጣምረው እንደሚገድሉ ካስተዋለ ከ120 ዓመታት በላይ አልፈዋል። የካርቦን ቁሶቹ የዚያን ግኝት ኃይል የማሳደግ አቅም እንዳላቸው የአይጦቹ ሙከራ አመላክቷል። በሰው ቁስል ላይም ያንኑ ማድረግ መቻል አለመቻላቸው የሚታወቀው ግን የቃጠሎ ሕሙማን ባሉባቸው ሆስፒታሎች በጥንቃቄ በሚደረግ ሙከራ ነው።